በቦታቸው ያልነበሩ ሁለት ክዳኖች

ውድ ዓምዴ፣

እንዴት ሰነበትክ አልልህም፤ ያን የመጠየቅ መብቴን በገዛ እጄ አጥቻለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ችግሩም እሱ ነው። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። ከሶዶ ወደ ጂንካ ከሄድክ ይኸው አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ፤ አንድም ቀን እንቅልፍ አላጣሁም።

ያቺን መሣሪያ ከአዲስ አበባ ይዘህ የመጣህ ቀን ትዝ ይልሃል? በቢሯችን ሞተር ሳይክል ጎማዎች ንፋስ መሙያ ላይ የሚጠብቁ ሁለት ጥቁር ክዳኖች፣ መሪው ላይ ደግሞ ትንሽ ስክሪን። የአንዱ ጎማ ንፋስ ሲቀንስ የትኛው እንደሆነ አሳይታ ትጮኻለች። የቢሮው ሰው ሁሉ ሳቀብህ። አለቃችን አቶ ጸሐዬ «ይቺ ሞተር ደም ግፊት አለባት እንዴ?» አሉ። ከዚያ ወዲያ ስሟ «ታማሚዋ» ሆኖ ቀረ። አንተ ግን ጉኑኖ ለከብት ክትባት በሄድን ቁጥር ከብቶቹን ለእኔ ትተህ ለገበሬው ሁሉ ስክሪኗን ስታስጎበኝ ነበር የምትውለው።

የቢሯችንን ደንብ ታውቃለህ፤ ሞተሯን የተጠቀመ ሰው አጥቦ፣ ጎማዋን አይቶ፣ የርክክብ ቅጽ ላይ ፈርሞ ይመልሳታል። ያን ዓርብ የመለስኳት እኔ ነበርኩ። ስትታጠብ ውሃ እንዳይገባባቸው ብዬ ሁለቱንም ክዳኖች ፈትቼ ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከተትኳቸው። ክዳኖቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የሚለያቸው ውስጣቸው የተጻፈች አንዲት ፊደል ብቻ ናት። እኔ አላየኋትም። አንዱን ፊት፣ አንዱን ኋላ አጠበቅኩና ቅጹ ላይ «ሁሉም በቦታው» ብዬ ፈረምኩ።

ሰኞ አንተና እጮኛህ አሳየሽ ለክትባት ቢጠና ሄዳችሁ። ስትመለሱ መሣሪያዋ «ፊት» ብላ ጮኸች። ወርደህ የፊተኛውን ጎማ ጨመቅከው፤ ጠንካራ ነው። አሳየሽ ከኋላ ሆና ምን ሆነ ስትልህ «ታማሚዋ ዛሬ ትቀባጥራለች፣ ምንም የለም» አልካት። ንፋሱን እየጨረሰ የነበረው ኋለኛው ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ሙልጭ ብሎ ተነፈሰና ሞተሯ ከመንገድ ወጣች። አንተ ተላላጥክ። የአሳየሽ ዳሌ ተሰበረ። ሰርጋችሁ ለጥር ተቆርጦ ነበር።

እስካሁን ያለውን አብዛኛውን ታውቀዋለህ። የማታውቀው ይህ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ቢሮ ገባሁ። ሞተሯን ግቢው ውስጥ አቁመዋታል። ቁልፉን ከፈትኩ። ኋለኛው ጎማ መሬት ላይ ተለጥፏል፤ ስክሪኑ ግን ባዶው ፊተኛው ነው ይላል። ወዲያው ገባኝ። ዙሪያዬን አየሁ፣ ሰው የለም። ክዳኖቹን ፈትቼ ፊደላቸውን እያየሁ ወደየቦታቸው መለስኳቸው። ከዚያ ሻይ ጠጣሁ።

አደጋውን የሚያጣራው ኮሚቴ መጥቶ ሲያይ ስክሪኑ «ኋላ» ይል ነበር። አንተ «ፊት ነው ያለኝ፣ ወርጄም አይቼዋለሁ» ብለህ ድርቅ አልክ። አቶ ጸሐዬ «ልጄ፣ ዕቃው እኮ ይኸው፤ እሱ ምን አግኝቶ ይዋሻል?» አሉህ። የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። «ማስጠንቀቂያውን ችላ ብሎ፣ በኋላም ሐሰተኛ ቃል ሰጥቷል» የሚለውን በእጄ ጻፍኩት። እነሱ ያሉት «የተሳሳተ ቃል» ነበር። «ሐሰተኛ» የምትለውን እኔ ነኝ የመረጥኳት፤ ለምን እንደመረጥኳት አላውቅም።

ከደረጃህ ዝቅ ሲያደርጉህ መልቀቂያ አስገባህ። አሳየሽ ሆስፒታል ተኝታ ውሳኔውን አነበበች። «መሰበሩን እችለዋለሁ፤ ዋሽቶኝ ግን አብሬው አልኖርም» ብላ ቀለበትህን በእኔ እጅ መለሰችልህ። አመጣሁልህ። መናኸሪያ ድረስም ሸኘሁህ። አቅፈኸኝ «አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር» አልከኝ። ምንም አልተሰማኝም። ከዚያ ወዲህም እንደዚያው ነኝ፤ የእናቴ ለቅሶ ላይ እንኳ ሰው ሲያለቅስ ቆሜ ወንበር ስቆጥር ነበር።

ባለፈው ሳምንት አዲስ ሞተር መጣልን። አቶ ጸሐዬ ያንተን መሣሪያ ከመጋዘን አስወጥተው «ቶማ፣ አንተ ታውቅበታለህ፣ ግጠምላት» አሉኝ። ገጠምኩ። ፊደሎቹን ሁለቴ አየሁ። ልጨርስ ስል አቶ ጸሐዬ «ዛሬ ደስ ብሎሃል» አሉኝ። ለካ እያፏጨሁ ነበር። ያኔ ራሴን ፈራሁት።

በቀጥታ አሳየሽ ቤት ሄድኩ። ክራንቹን ትታለች፤ ግን ታነክሳለች። ደጃፏ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። ትጮኽብኛለች ብዬ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ለእሱ ነገርከው?» አለችኝ።

«አልነገርኩትም።»

«ታዲያ እኔ ጋ ምን ልታደርግ መጣህ? ይቅር እንድልህ ነው?»

የበሩን እጀታ ያዘች።

«ሂድና ጻፍለት። በስልክ እንዳታደርገው፤ አንተ ትንተባተባለህ፣ እሱ ደግሞ ያዝንልህና ምንም አይደል ይልሃል።»

ስለዚህ ይኸው ጻፍኩ። ዛሬ ጠዋት ይህንኑ ቃሌን ለቢሮው አስገብቻለሁ። አቶ ጸሐዬ ሁለቴ አነበቡትና «ያለፈ ነገር ነው፣ ምነው ዝም ብትል» ብለው ሊመልሱልኝ ሲሉ መዝገብ ቤት ወስጄ ቁጥር አሰጠሁት። አሁን ማንም ሊመልሰው አይችልም። ኮሚቴው ረቡዕ ይሰበሰባል፤ የሚወስኑብኝን እቀበላለሁ።

ዓምዴ፣ አንተ አልዋሸህም። ይህን ቃል ከአፌ መስማት የነበረብህ ያኔ፣ ሁሉም ፊት ነበር። አፍራለሁ። ይቅርታ ማለት ለእኔ ማረፊያ፣ ለአንተ ሸክም እንዳይሆን ስለፈራሁ አልጠይቅህም።

ከደጃፏ ልሄድ ስል አሳየሽ ስልክህን ጠየቀችኝ። የድሮውን አጥፍታዋለች። እየነገርኳት ጻፈችና እንዳትሳሳት መልሳ አነበበችልኝ። ደብዳቤው እስኪደርስህ ትጠብቃለች። ምን ልትልህ እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። የእሷም ቁጥር ተቀይሯል፤ ከማታውቀው ቁጥር ከተደወለልህ እባክህ አንሳው።

እውነትህን የነጠቀህ
ቶማ
ወላይታ ሶዶ