ወንድሜ ለልጁ ስለጻፋቸውና ስላልደረሷት አሥራ ዘጠኝ መልእክቶች

ለተከበራችሁ የትልቁ ሰርቨር አስተዳዳሪዎች፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁ እንደምን ሰንብቷል? ሥራ በዝቶባችሁ ደብዳቤ የምትከፍቱበት ጊዜ እንዳጣችሁ መልስ ካላገኙት ሦስት ይግባኞቼ ስለተረዳሁ፣ ብርታቱን ይስጣችሁ እያልሁ በአደባባይ ልጽፍላችሁ ተገድጃለሁ።

እኔ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነኝ። በሱቄ መደርደሪያ ላይ መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች የሚጻጻፉባት፣ ከእናንተም ሰርቨር ጋር የተያያዘች አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር አለችኝ፤ ሰርቨሬ እሷ ናት። ለእናንተ ከቁጥር የማትገባ ብትሆንም፣ ለታላቅ ወንድሜ አንደበቱ ነበረች።

ወንድሜ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ከአንድያ ልጁ ጋር ተኳርፈው ስድስት ዓመት አልተነጋገሩም፤ ስልክ ቁጥሯንም ቀይራ ነበር። የጉሮሮ ሕመም ድምፁን ሲወስድበት፣ በእኔ ሰርቨር ላይ ስለነዳባቸው መንገዶች መጻፍ ጀመረ። ልጁ በእናንተ ሰርቨር ላይ ሆና አነበበችውና አንድ ቀን፣ «አባዬ፣ እዚያ ድልድይ ላይ ጎማ ሲፈነዳ እኔም አብሬህ ነበርኩ እኮ» ብላ መለሰችለት። ይህንኑ ሊያሳየኝ ስልኩን ይዞ ሱቄ ድረስ በእግሩ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሳይጻጻፉ የዋሉበት ቀን አልነበረም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

፩. አንድ አዲስ አባሌ ሰዎቻችሁን መሳደቡን ስለጠቆማችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥፋቴን አልሸሽግም፤ ያን ዕለት ወንድሜን ሆስፒታል ሳስተኛ ስለዋልሁ ጥቆማውን ያየሁት በማግስቱ ነው። እንዳየሁት ተሳዳቢውን አባረርሁ፤ መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ቀሩ። እናንተ ግን ቀድማችሁ ሁላችንንም ከሰርቨራችሁ ቆርጣችሁን ነበር። ፍጥነታችሁ ያስቀናል።

፪. መቆረጣችንን ባለመንገር ስላሳያችሁን ይሉኝታ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ወንድሜ ከአልጋው ላይ ሆኖ በየቀኑ ይጽፍ ነበር፤ መልእክቱ የተላከ ይመስላል እንጂ የትም አይደርስም። ነገሩን ከስምንት ቀን በኋላ ደርሼበት ብነግረው፣ ወረቀት ተቀብሎኝ፣ «ልታጽናናኝ ነው። ልጄ ተቀይማኛለች» ብሎ ጻፈልኝ። ላሳምነው አልቻልሁም።

፫. ወንድሜ ድምፅ ስለሌለው አዲሱን ስልኳን ጠይቋት አያውቅምና፣ ለልጁ ልጽፍላት ብዬ በእናንተ ዘንድ አዲስ ስም ባወጣ፣ ከታገደ ሰርቨር የመጣሁ በመሆኔ «ምዝገባዎ በመታየት ላይ ነው» አላችሁኝ። ዛሬም እየታየ ነው። እንዲህ ተደርጎ ታይቼ አላውቅም።

ወንድሜ በተቆረጥን በሃያኛው ቀን አረፈ። ልጁ ዝምታው አስጨንቋት የመጣችው ከተቀበረ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ሱቄ በር ላይ ቆማ፣ «አጎቴ፣ ተቀይሞኝ ነው መጻፍ ያቆመው?» አለችኝ። አሮጌዋን ኮምፒውተር ከፍቼ ያልደረሷትን አሥራ ዘጠኝ መልእክቶች አሳየኋት። ወንበር ብስብላትም አልተቀመጠችም። የመጨረሻው፣ «ልጄ፣ ባትመልሺልኝም እጽፍልሻለሁ። ማንበብሽ ይበቃኛል» ይላል።

የአባሎቻችሁን ሰላም ለመጠበቅ የማታንቀላፉ መሆናችሁን በማድነቅ፣ ልባችሁም እንደ እጃችሁ ፈጣን እንዲሆን በመመኘት፣

እጅ የምነሣው፣
የመቶ አሥራ አንድ ሰዎች ሰርቨር ጠባቂ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ፣ «ይግባኝዎ ተቀባይነት አግኝቷል፤ አባላትዎ ካቆሙበት መቀጠል ይችላሉ» የሚል መልእክታችሁ ደረሰኝ። ለአንደኛው አባሌ ማድረስ ስላልቻልሁ፣ እባካችሁ እናንተው ንገሩልኝ።