ከበሩ ውጭ የሳቅኩት ሳቅ

ውድ እታለም፣

ደህና ነሽ ወይ ብዬ ልጀምር አልኩና ተውኩት። ደህና አድርጌ ስላልሸኘሁሽ መጠየቁ አሳፈረኝ። የምጽፍልሽ ከሆቴሉ የአንሶላ ክፍል ነው። የምሳ ሰዓት ስለሆነ ካውያው ጠፍቷል፤ የታጠፉት አንሶላዎች ላይ ተቀምጫለሁ። ብታዪኝ "ተነሺ፣ ታጨማድጂዋለሽ" ትይኝ ነበር።

አክስታችን ዘንድ ከሄድሽ ዛሬ አሥራ አንድ ቀንሽ ነው። አባባ ለጠየቀው ሁሉ "ሥራ ፈልጋ ነው" ይላል። ትናንት ግን የሰው ጫማ እየሰፋ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ "አንቺ ልጅ፣ እህትሽን ምን አድርገሻት ነው?" አለኝ። አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ታውቂኛለሽ፤ የምናገረው የሚመጣልኝ ሰው ከሄደ በኋላ ነው። ስለዚህ ለአባባ ያልመለስኩትን ለአንቺ ልጻፈው።

እንግሊዝኛ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ከሰባተኛ ክፍል ሳቋርጥ ፊደሉንና ሰላምታውን ብቻ ነበር የማውቀው። ትምህርቱ የተጀመረው አንሶላ ተሸካሚሽ ሆኜ እዚህ ስገባ ነው። እንግዳ የለቀቀውን ክፍል ስናጸዳ ቴሌቪዥኑን ድምፁን ዝቅ አድርገሽ ትከፍቺና፣ ሳሎን ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ የሚቀላለዱትን አሜሪካውያን ታወጪ ነበር። አንድ ክፍል ላይ ብዙ መቆየት ስለማይፈቀድልን አንዱን ታሪክ ለሦስት ክፍል እናካፍለው ነበር፤ መጀመሪያውን ሁለት መቶ አራት፣ መካከሉን ሁለት መቶ አምስት፣ መጨረሻውን ሁለት መቶ ስድስት። ጋሪውን ስንገፋ ያመለጠንን አንቺ ከራስሽ ፈጥረሽ ትሞይልኝ ነበር። አንዳንዴ ያንቺው ይበልጥ ነበር።

ያገኘሽውን አባባል ሁሉ በደብተርሽ ትጽፊና ከጎኑ የእኛን ታስቀምጪ ነበር። "ነገር ሲቀላቸው ቁራሽ ኬክ ነው ይላሉ" አልሽኝ አንድ ቀን፣ ትራስ እያለበስሽ።

"እኛስ?"

"እኛማ ውሃ መጠጣት ነው እንላለን። እነሱ ጠግበዋል፣ እኛ ገና ጠምቶናል።"

ፈተና ለሚሄድ ሰው "እግርህን ስበር" ብለው መልካም እንደሚመኙለት ለአባባ ስትነግሪው፣ "ምርቃታቸው ይሄ ከሆነ እርግማናቸውን አታምጪብኝ" ያለው አይረሳኝም።

አነጋገራቸውንም አስተማርሽኝ። ዓይን ዓይን እያዩ ማውራት። ሲያመሰግኑሽ "ኧረ ምን አድርጌ" ማለት ትቶ ምስጋናውን መቀበል። እንዴት ነሽ ሲሉሽ የራስ ምታትሽን አለመዘርዘር። አንቺ እንግዳ ሆነሽ በበሩ ስትገቢ እኔ ተቀባይ ሆኜ እቆማለሁ፤ ዓይኔ ግን ወደ መሬት ይወርዳል። "ምንጣፉን ነው እንዴ የምትቀበይው?" ትይኝ ነበር።

በዚያ ፊልም ውስጥ ግን አንዱ ቀልድ በተናገረ ቁጥር የማይታዩ ሰዎች ይስቃሉ። ተናጋሪውም ሳቁ እስኪያልፍ ቆም ይላል። አንቺም እንደዚያው ለመድሽ፤ አንድ አባባል ትናገሪና ፈገግ ብለሽ ቆም ትያለሽ። ያኔ እኔ ትራሱን እንዳቀፍኩ እስቃለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ግን ውሎ አድሮ ሥራዬ ሆነ፤ እኔ ካልሳቅኩ አንቺ አትቀጥይም።

የእንግዳ ተቀባይነቱ ክፍት የሥራ ቦታ ሲወጣ ያልሽውን አስታውሳለሁ። "ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጎንበስ ብዬ አልጋ አነጠፍኩ። አንድ ጊዜ ደግሞ ቀጥ ብዬ ቆሜ የሰው ፊት ልይ።" አዲሷ ሥራ አስኪያጅ አሜሪካዊት መሆኗን ስትሰሚ ደብተርሽን ከዳር እስከ ዳር በቃልሽ ያዝሽ።

ያን ቀን የሆነውን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ግን ከበሩ ወዲህ የነበረውን አታውቂም። የሥራ ጫማሽን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነበር። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ጀርባሽ ይታየኛል። "ስለ ራስሽ ንገሪኝ" አለችሽ። "ማልዳ ተነስታ ትሉን የምትለቅመው ወፍ እኔ ነኝ" ብለሽ ቆም አልሽ። ዝም አለች። "ቁጥቋጦ ዙሪያ አልዞርም" ብለሽ፣ ነገር አላንዛዛም ለማለት ነው፣ እንደገና ቆም አልሽ። አሁንም ዝም። እጅሽ ቀሚስሽን ጨምድዶ ሲይዝ አየሁ። ሦስተኛውንም ተናግረሽ ቆም አልሽ። ምን እንደምትጠብቂ ከእኔ በቀር በዚያ ቤት ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ ሳቅኩልሽ፤ ሁለት መቶ አምስት ውስጥ እንደምስቀው።

ዞር ስትይ ያየሁት ፊትሽ እስካሁን ዓይኔ ላይ ነው። እታለም፣ አልሳቅኩብሽም። የሳቅኩልሽ እንድትቀጥዪ ነው።

ሥራ አስኪያጇ ወጥታ በሩን ከኋላዋ ዘጋች። ምን እንዳሳቀኝ ጠየቀችኝ። ከአንቺ ሌላ ለማንም ሰው በእንግሊዝኛ ተናግሬ አላውቅም ነበር። "እህቴ ናት። ሰው ሲስቅላት ነው የምትቀጥለው" አልኳት። ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀችኝ፤ ስለ ሦስቱ ክፍሎች ነገርኳት። ያኔ ነው የሳቀችው። አንቺ ከውስጥ ሆነሽ የሰማሽው ያንን ነው፤ ምን እንዳሰብሽ አልጠየቅኩሽም፣ መገመት ግን አያቅተኝም። ከሁለት ቀን በኋላ ቦታውን ለእኔ ስትሰጠኝ፣ አንቺ ለእንግዳ እንደሚባለው በእንግሊዝኛ እንኳን ደስ ያለሽ አልሽኝ። በማግስቱ ጠዋት አልጋሽ ምንም መጨማደድ ሳይታይበት ተነጥፎ አገኘሁት።

ሌላም ልናዘዝልሽ የሚገባ ነገር አለ። ቀድሞውንም አውቅ ነበር። እንግዶቹ ደረጃ ላይ ሲያወሩ እሰማቸዋለሁ፤ እንደ ፊልሙ አያወሩም። ይንተባተባሉ፣ ስለ አየሩ ያወራሉ፣ አባባል አይደረድሩም፣ ማንም አይስቅላቸውም። ይህን ካወቅኩ ወራት አልፈዋል። አልነገርኩሽም። ስትናገሪ ከእነሱ ጋር ሳሎን የተቀመጥሽ ትመስዪ ነበር፤ ከዚያ ላስነሳሽ አልጨከንኩም። ያሳፈረሽ ሳቄ ነው ብለሽ ይሆናል። የጎዳሽ ግን ዝምታዬ ነው።

ዛሬ ጠዋት ሥራ አስኪያጇ ዘንድ ሄድኩ። በሩን ሳላንኳኳ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ፤ በሦስተኛው ገባሁ። "ቦታው የእህቴ ነው" አልኳት።

"የማንም አይደለም" አለችኝ። "የምመርጠው እኔ ነኝ። እህትሽ ስለሆነች ብዬ አልሰጣትም።"

ዓይኔ ወደ መሬት ሊወርድ ሲል ያዝኩት። "የከሰዓቱ ፈረቃ እስካሁን ሰው የለውም" አልኳት። የፈረቃውን ሰሌዳ ገልጣ አየች። መጨረሻ ላይ ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ለግማሽ ሰዓት እንደምታነጋግርሽ ነገረችኝ። ተስፋ አልሰጠችኝም፤ እኔም ልሰጥሽ አልችልም።

ለራሴ ግን ከሚቀጥለው ሳምንት የሚጀምረውን የጠዋቱን ፈረቃ እሺ ብያለሁ። ልደብቅሽ አልፈልግም። ስትሰጠኝ ፈርቼ ነበር፤ አሁን ግን ፈልጌዋለሁ።

ከመጣሽ ደብተሩን ቤት ተዪው። ስለ ራስሽ ንገሪኝ ካለችሽ፣ ሁለት መቶ አሥር ውስጥ የእናቷን ሞት በስልክ ስለተረዳችው ሴትዮ ንገሪያት። ግማሹ የተነጠፈ አልጋ ላይ አስቀመጥሻት፣ ውሃ ሰጠሻት፣ በእንግሊዝኛ "እዚህ ነኝ" አልሻት። ሌላ ቃል አልተጠቀምሽም። ሴትዮዋ እጅሽን ይዛ ስለ እናቷ ስታወራ አንድም ጊዜ አላቋረጥሻትም። እኔ በሩ ላይ አንሶላ ይዤ ቆሜ ነበር፤ እንደዚያ ቀን እንግሊዝኛ ስትችዪ አይቼሽ አላውቅም።

ሐሙስ በዚያ ሰዓት ሦስተኛ ፎቅ አልጋ እያነጠፍኩ ነው የምሆነው። ኮሪደሩ ላይ አልቆምም፣ ጫማሽንም አልይዝም። አባባ ስለጠየቀኝ ነገር ዛሬ ማታ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ፤ ያንቺን ጥፋት እንዳይፈልግ።

ባትመጪም ስድብ ጻፊልኝ። በአማርኛም ይሁን በእንግሊዝኛ፣ የፈለግሽውን። ዝም ካልሽኝ ግን የሆድሽን ከየት አባቴ አውቀዋለሁ?

ናፍቀሽኛል።

ታናሽሽ