ጋሼ ሙሉ «የኔ ሥራ» ያሉት የማር ማውጫ

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ክርክር ሰልችቶኛል። ከአሮጌ በርሜልና ከብስክሌት ቸርኬ የሠራሁትን የማር ማውጫ አጎቴ ጋሼ ሙሉ ለንብ አርቢዎቹ «የኔ ሥራ ነው» ብለው አሳይተዋል። ዛሬ እነሱው ፊት አስጠሩኝ። የማሩን እንጀራ ከቀፎ አውጥተው አሳድረውት ኖሮ፣ የከተማችን የሙጃ ብርድ አርግቶታል፤ ቢያሽከረክሩት ጠብ አይልም።

«አንቺ፣ ምን አድርገሽበት ነው?»

«የሠራው ሰው ያውቃል፣ ጋሼ።»

ሰዎቹ ሳቁ። አጎቴ ጠጋ ብለው «በናትሽ አታዋርጂኝ» አሉኝ።

ማሩ ከቀፎ እንደወጣ፣ ሳይቀዘቅዝ መሽከርከር እንዳለበት ሳልነግራቸው ተመለስኩ። እማዬ «ወንድሜ ነው፣ ንገሪው» እያለች ታለቅሳለች። የእሷ ልቅሶ ነው ያደከመኝ። እነግራቸዋለሁ፤ መጀመሪያ ግን እነዚያው ሰዎች ፊት «እሷ ናት የሠራችው» ይበሉ። እስከዚያ ማሩ እንደረጋ ይቆይ።