የእናትሽ የጎመን ጠርሙስ

ልጄ ሹዌን፣ የአላህ ሰላምና እዝነት ባለሽበት አገር ይጠብቅሽ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ከአምናው ይሻላል። እዚህ ላንጆ ከተማ በረዶ ጀምሯል፣ አንቺም አንገትሽን ሸፈን አድርጊ።

ከሰፈራችን ጀርባ ያለው የነዳጅ ማጣሪያው ዝቃጭ ጉድጓድ ትዝ ይልሻል? እናትሽ ከሽታው የተነሳ በዚያ በኩል ያለውን መስኮት ከፍታ አታውቅም። አሁን እኛ የማጣሪያው ሠራተኞች ዝቃጩን ከከሰል ዱቄትና ከውሃ ጋር ፈጭተን፣ እንደ አጥሚት የሚፈስ፣ ለቦይለር (ለእንፋሎት ማሞቂያ) የሚሆን ነዳጅ ሠርተናል። ሲቀመጥ ታች ረግቶ ከጠጠረ ግን ቧንቧ ስለሚደፍን ሥራው ይቆማል፤ ጉድጓዱም እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ጥቂቱን እናትሽ ጎመን በምታኮመጥጥበት ጠርሙስ ቀድቼ፣ ይረጋ እንደሆነ ለማየት ሳልነካው መስኮቱ ላይ አቆየሁት። ባለፍኩ ቁጥር እጄ ሊነቀንቀው ይቃጣዋል። የምጓጓው ለሰፈሩ ነው ወይስ ለስሜ እያልኩ ራሴን ስጠይቅ ከረምኩ።

ትናንት የማጣሪያው መሐንዲስ ሊንግ መጥታ፣ ታቹ ጠጥሮ እንደሆነ ለማየት የብርጭቆ ዘንግ ለቀቀችበት።

"ጋሼ፣ እውነት አልነቀነቁትም?"

"ወለሉ እንዳያነቃንቀው ብዬ ስሰግድ እንኳ ሌላ ክፍል ገብቼ ነው!"

ዘንጉ ቀስ እያለ ታች ደረሰ፤ ምንም አልያዘውም፣ ነዳጁ አልረጋም ማለት ነው። በበጋ ጉድጓዱ ይጸዳል።

ጠርሙሱ ግን ቢታጠብ ቢታጠብ ሽታው አልለቅ አለ። ለዒድ ስትመጪ አዲስ ያዢልኝ፤ መስኮቱን ከፍተን ጎመኑን አብረን እንሠራለን። አላህ በጤና ያገናኘን።

አባትሽ