እናቴን ከሰው ሚስት ጋር ላምታታው የቀጠሮ ሲስተም

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የመረጃ ቴክኖሎጂ ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ በተለይም የዓይንዎን ጤና ከልብ እመኛለሁ። ምናልባት ቢታመሙ እንኳ ቀጠሮ የሚይዙት በዚያው ባሠሩት ሲስተም እንዳይሆን አጥብቄ እጸልያለሁ፤ ለጠላቴ የማልመኘውን ለእርስዎ አልመኝም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። እናቴ የዓይን ግፊት ሕመም አለባት፤ ግራ ዓይኗ ጠፍቷል፣ ቀኙም እየደከመ ነው። ሐኪሟ በስድስት ሳምንት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገላት የሚጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ በጽሑፍ ሰጥቶናል፤ ከስድስቱ አራቱ አልፈዋል። በመመሪያዎ መሠረት ተራ የተያዘልን ሁሉ በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ወደ ሲስተሙ ገብተን «አጽና» የሚለውን እንድንጫን ስለታዘዝን፣ ሰኞ በመጣ ቁጥር መቀሴን አስቀምጬ ስልኬ ላይ አፈጣለሁ። ስላገኘሁት አገልግሎት ምስጋናዬን እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. የመጀመሪያው ሰኞ በእናቴ ካርድ ቁጥር ስገባ የተቀበለኝ የአንዲት የማላውቃት ሴት ገጽ ነበር፤ ዕድሜዋ፣ ሕመሟ፣ የባሏ ስልክ ቁጥር ሳይቀር። የሰው ገመና ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ። ብደውል ባልየው የአውቶቡስ ሾፌር ሆኖ ተገኘ፤ እርሱም በዚያችው ደቂቃ የእናቴን ገጽ ከፍቶ፣ መቼ ነው የሰማንያ ዓመት ሚስት ያገባሁት እያለ ግራ ተጋብቶ ነበር።

2ኛ. ነገሩን ያስረዳኝ ከራስዎ ባለሙያዎች አንዱ ነው፤ ከሥራው እንዳላፈናቅለው ማንነቱን አልናገርም። ሰው ገብቶ እስኪወጣ ያለው ቆይታ ሴሽን ይባላል አለኝ። ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ሊቀመጥለት ሲገባ፣ የእርስዎ ሲስተም ግን «አሁን የገባው ማን ነው» የሚለውን ሁሉም በሚጋራው አንድ ቦታ ላይ ይጽፋል፤ ሁለት ሰው በአንድ ቅጽበት ከገባ አንዱ ሌላውን ይደመስሰዋል፣ የአንዱም ትእዛዝ በሌላው ላይ ይፈጸማል። እኔ የሙሽራዋንና የአያቷን ልክ አንዱን በአንዱ ላይ ደርቤ ጽፌ ጨርቅ ብቆርጥ ማለት ነው። ታዲያ አልተፈተሸም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ መፈተሹን፣ ነገር ግን የፈተሸው አንድ ሰው ብቻውን ቁጭ ብሎ መሆኑን ነገረኝ። ለአንድ ሰው እንከን የለውም። ከመካከላችን ያንን አንድ ሰው መርጠው ቢያሳውቁን ኖሮ ሌሎቻችን ዞር እንልለት ነበር።

3ኛ. እርስዎ ሥራ ስለበዛብዎት እኛው ጠገንነው። በዚህ ወር የዓይን ቀዶ ሕክምና ተራ የተያዘልን አሥራ አንድ ቤተሰቦች ተፈላልገን ተገናኘንና ስምምነት አደረግን፦ አንዱ ገብቶ ሲወጣ ለቀጣዩ ይደውላል፣ ሳይደወልለት ማንም አይነካም። የመጨረሻዋ እኔ ነኝ፤ ከእኔ በፊት ሾፌሩ ነው። መናኸሪያ ቆሞ «ወጥቻለሁ እህቴ፣ ግቢ» ይለኝ ነበር። ሁለት ሰኞ የማንም ቀጠሮ ሳይነካ አለፈ።

4ኛ. ባለፈው ቅዳሜ የሾፌሩ ሚስት በልብ ሕመም አረፈች። ሰኞ ዕለት ሰውየው ከነሐዘኑ፣ ተራዋ ባክኖ እንዳይቀር፣ ለሌላ ሕመምተኛ ይሁን ብሎ ገባና «ሰርዝ» የሚለውን ተጫነ፤ ለእኔ መደወሉ ከየት ትዝ ይበለው። እኔም ምንም ሳልሰማ ስልኩን ጠብቄ ጠብቄ፣ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ ሰዓቱ እንዳያልፈኝ ብዬ ገብቼ «አጽና» ተጫንኩ። ለካ እርሱም የገባው በዚያችው ቅጽበት ኖሯል። የእናቴ ቀጠሮ ተሰረዘ፤ የሟቿ ጸና። «ውድ ታካሚ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ በሰዓቱ ይገኙ» የሚል መልእክትም መጣላት። ሾፌሩ ይህን በስልክ አነበበልኝና፣ የእናቴ መሰረዙን ስነግረው «የእናትሽን ዓይን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለኝ። አንተ አይደለህም አልኩት፣ እያለቀስኩ።

5ኛ. አቤት ብል ቢሮዎ ማኅተም አድርጎ የሰጠኝ መልስ «ሲስተሙ እንደሚያሳየው ቀጠሮውን የሰረዙት እርስዎ ራስዎ ነዎት» የሚል ነው። አዲሱ ቀጠሯችን ከሦስት ወር በኋላ ነው።

የተከበሩ ዳይሬክተር፣ እዚህ ላይ ሽሙጡ አለቀብኝ። የፊታችን ማክሰኞ ሐኪሙም፣ ክፍሉም፣ አልጋውም ተዘጋጅተው የማትመጣ ሴት ይጠብቃሉ። ባሏ ተራው ለእናቴ እንዲሆን ፈቅዶ ከዚህ ጋር በተያያዘው ወረቀት ላይ ፈርሟል። ሲስተሙ እስኪታረም አልጠብቅዎትም፤ የእናቴን ስም በወረቀት፣ በእስክሪብቶ፣ በእጅዎ ይጻፉልኝ። ፈርቻለሁ፤ እለምንዎታለሁ።

አንድ ሰው ብቻውን ሲጠቀምበት እንከን ለማይገኝበት ሥራዎ ካለኝ ጥልቅ አድናቆት ጋር፣

መልስ እስካገኝ ከቢሮዎ ደጃፍ የማልነሳ አክባሪዎ፣
ልብስ ሰፊዋ፤ በሲስተምዎ ውስጥ ግን ማን እንደሆንኩ የማላውቅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን በእነዚህ ትልልቅ ፊደላት የጻፍኩት እናቴ ሳይላክ ላንብበው ስላለች ነው። ሁለተኛው ቁጥር ላይ ስትደርስ ወረቀቱን መለሰችልኝና «የቀረውን አንቺ አንብቢልኝ» አለችኝ። መልስዎ ከማክሰኞ በፊት የሚደርስ ከሆነ እባክዎ እርስዎም በትልልቁ ይጻፉልን፤ ከዚያ ከዘገየ ግን አይድከሙ፣ በፈለጉት መጠን ይጻፉት።