ካርድ ያልተገኘለት ስም

ቢቸና፣ ሰኞ

መሥሪያ ቤታችን በደረሰው የሟቾች ዝርዝር ላይ ሁለት ወታደሮች በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ምሽግ ሞቱ ይላል። አንዱ የሞጣ ልጅ ነው። ከሥሩ ያለው ዓለሙ፣ የአከራዬ የእትዬ የሺ ልጅ ነው። እኔ የምተኛው በእሱ ክፍል ነው። እናቱ ይህ ወረቀት ከመጣ ጀምሮ ጸጉራቸውን ተላጭተው ከል ለብሰዋል። ዝርዝሩን ያተመው የአዲስ አበባው ኮምፒዩተር ነው፤ ፕሮግራሙን የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ፣ ወደዚህ ከመዛወሬ በፊት።

ማክሰኞ

የድሮ ደብተሬን አወጣሁ። ፕሮግራሙ ስም ያነባል፣ ጠቋሚውን፣ ማለትም የትኛው ካርድ እንደሚነበብ የሚያሳየውን ምልክት፣ ከግንባር ወደተላከው የዚያ ሰው ካርድ ይወስዳል፣ ካርዱ ላይ ያለውን ያትማል። ካርዱ ባይኖርስ? ጠቋሚውን ባዶ አድርጌ፣ ከማተሜ በፊት «አለ ወይ?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። ጠቋሚው ካለፈው ሰው ካርድ ላይ ሳይነቃነቅ ቀረና የሞጣውን ልጅ ሞት ለዓለሙ አተመለት። የጎደለው ሁለት መስመር ነው። ጎበዝ ነኝ ባይ!

ለአለቃዬ ነገርኳቸው። በሩን ዘጉ። «የመንግሥት ወረቀት ተሳሳተ ብለህ ለማን ልታወራ ነው? የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፣ አርፈህ ተቀመጥ» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፈርተው ነው። እኔም ፈርቻለሁ።

ሞጣ፣ ሐሙስ

ግምት ይዤ እናት ፊት አልቀርብም። አሞኛል ብዬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። የሟቹ አባት የልጃቸውን ሰዓት አሳዩኝ። ያመጣላቸው ቁስለኛ ጓደኛው ነው፣ በእጁ የቀበረው። ጓደኛውን እዚያው አገኘሁት፤ ዓለሙ የሚባል ሰው ከእነሱ ጋር እንዳልነበረ ነገረኝ። ሞቱ የዚህ ቤት ብቻ ነው። ከለቅሶ ቤት ደስ ብሎኝ በመውጣቴ አፈርኩ።

ቢቸና፣ ዓርብ

ነገርኳቸው። ልጃቸው ሞተ የተባለው በእኔ ስሕተት መሆኑን፣ በሕይወት ስለመኖሩ ግን ምንም እንደማላውቅ። እትዬ የሺ የከላቸውን ጫፍ ይዘው ጠየቁኝ።

«እንግዲህ ላልቅስ ወይስ ልጠብቅ፣ ልጄ?»

ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

የታረመውን ፕሮግራም ገልብጬ አዲስ አበባ ላለው ባልደረባዬ በፖስታ ላክሁ። ካርድ ከሌለ «ወሬ የለም» ብሎ ያትማል።

እሑድ

ሌላ ጣጣ። ፍትሐት ተደርጓል፤ የዓለሙ ስመ ክርስትና ከሙታን ጋር ተጠርቷል። እትዬ የሺ የነፍስ አባታቸው ዘንድ ይዘውኝ ሄዱ። ቁጣ ስጠብቅ ቄሱ እስከ መጨረሻ ሰሙኝ።

«ከሙታን እናወጣዋለን» አሉ። «በሕይወት አለ ብለንም እግዚአብሔር ፊት አንዋሽም። ስሙን ከመንገደኞች ጋር እንጠራዋለን።»

ለመንገደኛ የሚጸለይ ጸሎት ድሮም ነበራቸው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ያላሰብኩትን፣ ሞተም አለም የማይል ቦታ።

ቤት ስንደርስ እትዬ የሺ «ቢመጣ የት ይተኛል?» ብለው የዓለሙን ክፍል መቼ እንደምለቅ ጠየቁኝ። ከነገ ጀምሮ ሌላ ቤት እፈልጋለሁ።

ከላቸውን ግን አላወለቁም።