በወንድሜ አልጋ መሐል ስላለፈው ወሰን

ለክቡር ሚስተር ጄራልድ ፔንድልበሪ
የአውራጃው የመሬት ካርታና ወሰን ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና በጽሕፈት ቤትዎ የሚገኙት ውድ የመለኪያ መሣሪያዎች ሁሉ በሙሉ ጤንነት ላይ እንደምትሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔና ዓይነ ስውሩ ወንድሜ ኦብሪም፣ የቤታችን ጓሮ በኩል ያለው ክፍል የእኛ አለመሆኑን በደብዳቤዎ ካበሰሩን ወዲህ እንኳ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በኔዘር ሆልድፎርድ ትምህርት ቤት አርባ አንድ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝና፣ የተሳሳተ ስሌት ሳይ ቀይ እስክሪብቶ መፈለጌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አንደኛ። አቤቱታዬ ስለ አንዲት ነጥብ ነው። ከቤታችን በስተምዕራብ ያለው ማሳ በቅርቡ የእረፍት ጎጆዎች ለሚሠራ ኩባንያ ተሽጧል። ከተጻፈ መቶ ስልሳ ዓመት የሆነው የማሳው ውል ስፋቱን ሲገልጽ፣ ከመንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ አንስቶ ወደ ምሥራቅ ሦስት ሰንሰለት ከአምስት ቀለበት ይላል። የድሮ ቀያሾች መሬት የሚለኩት በብረት ሰንሰለት እንደነበር፣ አንዱ ሰንሰለት መቶ ቀለበቶች እንዳሉት፣ አንዷ ቀለበትም ከስንዝር እንደማትበልጥ ለእርስዎ ለማስረዳት መሞከር ነውር ነው። የጽሕፈት ቤትዎ ባለሙያ ሚስተር ክሪስፒን ላትበሪ ግን ይህን የነገራቸው ሰው ያለ አይመስልም። ሦስትን ጻፉ፣ ነጥብ አደረጉ፣ ከነጥቡ ቀጥለው አምስትን ጻፉ፤ በዚህም አምስቱ ቀለበት በአንድ ጊዜ ግማሽ ሰንሰለት ሆኑ። ከነጥቡ በኋላ አንዲት ዜሮ ማስገባት የዘጠኝ ዓመት ተማሪዎቼ የማይስቱት ነገር ነበር።

በዚህች ዜሮ መቅረት ማሳው ዘጠኝ ሜትር ወደ እኛ ገሰገሰ። አጥራችንን አለፈ፣ የፒር ዛፋችንን ዋጠ፣ ግድግዳውን ጥሶ ኦብሪ የሚተኛበት ክፍል ገባ። ክፍሉን በሃያ ስምንት ቀን ውስጥ እንድናፈርስም ታዘዝን። ኦብሪ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ፎቅ ላይ ወዳሉት መኝታ ክፍሎች በደረጃ መውጣት አይችልም። ከአልጋው እስከ በሩ ስድስት እርምጃ፣ ከበሩ እስከ ምድጃው አሥራ አንድ እርምጃ መሆኑን ስለሚያውቅ ማንም ሳይመራው ይኖራል። ያ ክፍል ከፈረሰ የሚቀረው ቦታ መጦሪያ ቤት ነው፤ እዚያ ደግሞ እጁን ይዞ የሚመራው ሰው ካልመጣ ከወንበሩ አይነሳም።

ሁለተኛ። ሚስተር ላትበሪ ቤታችን ድረስ በመምጣታቸው ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በቀይ ብርሃን የሚለካ መሣሪያ ይዘው መጡና የተሳሳተውን ቁጥር እስከ ሚሊሜትሩ ድረስ ሳይሳሳቱ ለኩት። ይህን ያህል ጥንቃቄ ለስህተት ሲደረግ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። የመንደራችን የክሪኬት ሜዳ ጠባቂ ዊልፍ ኦከንደን ይህን ሰምቶ ከክለቡ መጋዘን አሮጌውን ሰንሰለት ተሸክሞ መጣ። እርስዎም በልጅነትዎ ተጫውተው ከሆነ እንደሚያስታውሱት፣ ኳስ ወርዋሪው ከሚወረውርበት ምሰሶ እስከ መቺው ምሰሶ ያለው ርቀት ልክ አንድ ሰንሰለት ነው፤ ዊልፍም በየጸደዩ ሜዳውን የሚያሰምረው በዚሁ ነው። ሰንሰለቱን ከድንጋዩ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ዘረጋ፣ አምስት ቀለበት ጨመረ፣ ጫፉም ከአጥራችን ሥር ወደቀ። ግማሹ መንደር ቆሞ አይቷል።

ሚስተር ላትበሪ ግን አልተደናገጡም። «ጨዋታ ሌላ፣ መሬት ሌላ» አሉት።

ዊልፍም ሰንሰለቱን እየጠቀለለ፣ «ልጄ፣ በዚህ ሃምሳ ዓመት ሜዳ አሰምሬአለሁ። በጨዋታ የተሸነፈ ሰው ሰበብ እንደማያጣ ታውቃለህ፤ ሜዳው ረዘመብኝ ያለ ግን እስከ ዛሬ የለም» አላቸው።

ከዚያ በኋላ ሚስተር ላትበሪ ወደ ኦብሪ ክፍል ገብተው ወለሉ ላይ ብርቱካናማ ቀለም አሰመሩ። ኦብሪ መስመሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ ጠየቃቸው። በአልጋው መሐል መሆኑን ነገሩት፤ ይቅርታም ጠየቁት፤ ጨዋ ሰው ናቸው።

ኦብሪም ጥቂት አሰበና፣ «ታዲያ ልጄ፣ ከሁለቱ ጎኔ የእኔ ሆኖ የቀረው የትኛው ነው?» አላቸው።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ወንድሜ የማያየውን መስመር ላለመሻገር ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይተኛል።

ሦስተኛ። ሃያ አምስት ቀለበት አንድ ዘንግ፣ አራት ዘንግ አንድ ሰንሰለት፣ አሥር ሰንሰለት አንድ ፈርሎንግ፣ ስምንት ፈርሎንግ አንድ ማይል መሆኑን የሚያሳይ ሠንጠረዥ በእጄ ጽፌ ልኬልዎ ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ የሚሠራው በሜትር ብቻ ስለሆነ ሠንጠረዡን ለሙዚየም እንዳበረክት በአክብሮት መለሱልኝ። ሜትር ምን አጠፋ፣ ክቡር ሆይ? ሰንሰለቱን አሳስታችሁ ወደ ሜትር የመለሳችሁት እናንተ ናችሁ። የመንደራችን ጎመን ተካዮች ዛሬም መደባቸውን የሚከራዩት በዘንግ ነው፤ አንዳቸውም በስህተት የሌላውን ሰው አልጋ ቆፍረው አያውቁም።

አራተኛ አቤቱታም ነበረኝ፤ ስለ አጻጻፋችሁ ነው። ተውኩት።

ላሳዩን ትዕግሥት፣ ለላኩልን የሚያምር ባለ ቀለም ካርታ፣ እንዲሁም ከአርባ አንድ ዓመት አገልግሎት በኋላ ዜሮ ምን ያህል እንደምትከብድ ስላስተማሩኝ ከልብ እያመሰገንኩ፣ አሁን ባለኝ ሦስት ክፍልና በአከራካሪው አንድ ክፍል ስም እጅ የምነሳ፣

ታዛዥ አገልጋይዎ
ዊኒፍሬድ ስታናርድ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ከጽሕፈት ቤትዎ ጎን ያለው መጠጥ ቤት ባለቤት ወይዘሮ ዶርከስ ፒል የቤታቸውን አሮጌ ውል አሳይተውኛል። ስፋቱ አንድ ሰንሰለት ከስምንት ቀለበት ይላል። እንደ እናንተ አሠራር ከነጥቡ በኋላ ያለ ዜሮ ስምንት ጽፈን ለጽሕፈት ቤትዎ አመለከትን። ሚስተር ላትበሪም ራሳቸው አስልተው፣ አዲሱን ካርታ ሠርተው፣ ማኅተም መትተው ባለፈው ማክሰኞ አስረክበውናል፤ ቅጂው ተያይዟል። የመጠጥ ቤቱ ወሰን አሁን የእርስዎን ቢሮ አልፎ ደረጃው ጋ ይቆማል። ስሌቱ ስህተት ነው የሚሉ ከሆነ እባክዎ በፊርማዎ ይጻፉልን፤ ለኦብሪ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ።